መዝገብ ሲዘጋ የተከሳሽ ክስ አብሮ አይዘጋም
ስለ ተከሳሽ ከሳሽነት ምንነትና አጠቃቀም የቀረበ ምላሽ

በፍትሐ ብሔር ችሎት የሚከራከር ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ አስተሳሰብ አለ። የተከሳሽ ከሳሽነት የሚቀርበው በመከላከያ መልስ ውስጥ ነው፤ መከላከያ መልስ ደግሞ ክስ ሲኖር እንጂ ያለ ክስ አይኖርም፤ ስለዚህ ከሳሽ ክሱን ሲያነሣ፣ በቀጠሮው ቀን ባለመቅረቡ መዝገቡ ሲዘጋ ወይም ክሱ ውድቅ ሲደረግ የተከሳሹም ጥያቄ አብሮ ያበቃል ይላል። ተከሳሹ መብት አለኝ ካለ አዲስ መዝገብ ከፍቶ ይጠይቅ ብሎ ይደመድማል።

ይህን የሚሉት ሕጉን ያነበቡ፣ ብዙዎቹም በችሎት ልምድ የካበቱ ባለሙያዎች ናቸው። ያለ ምክንያት አይናገሩም፤ ሦስት ድጋፎች አሏቸው። የመጀመሪያው የሕጉ አቀማመጥ ነው፦ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የተከሳሽ ከሳሽነትን የሚጠቅሰው የመከላከያ መልስ ይዘትን በሚዘረዝረው በቁጥር 234(1)(ረ) እንጂ የክስ አቤቱታን በሚመለከተው ክፍል አይደለም። ሁለተኛው «ዋናው ሲጠፋ ተከታዩ ይጠፋል» የሚለው የታወቀ መርሕ ነው። ሦስተኛው የፍትሐዊነት ስሜት ነው፦ ተከሳሹ እስኪከሰስ ድረስ ዝም ብሎ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ያናገረው ክስ ሲቀር ወደነበረበት ዝምታ ቢመለስ ምን ይጎዳል?

አስተሳሰቡ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ከአንድ ቦታ አይመነጭም። ድጋፎቹን በየተራ ከማየታችን በፊት ግን የምንከራከርበትን ነገር ለይተን እንያዝ። ከስሕተቱ ግማሹ የሚጀምረው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ከመጥራት ነው።

አንድ ሥራ ተቋራጭ የመኖሪያ ቤት ሠርቶ ካስረከበ በኋላ ቀሪ 900,000 ብር አልተከፈለኝም ሲል የቤቱን ባለቤት ከሰሰ እንበል። ባለቤቱ «ቀሪ ክፍያ የለም፤ በውሉ መሠረት ሁሉንም ከፍዬ ጨርሻለሁ» ካለ እየተከላከለ ነው። የሚፈልገው የተቋራጩ ክስ ውድቅ እንዲሆን ብቻ ነው። «ተቋራጩ ከእኔ የተበደረው 300,000 ብር አለ፣ የመክፈያ ጊዜውም አልፏል፣ ከጠየቀው ላይ ይቀነስልኝ» ካለ ደግሞ ማቻቻልን እያነሣ ነው። «አሸንዳው ወደ ግድግዳው ተዳፍቶ ስለተሠራ ጣሪያው ያፈሳል፤ የሦስት ክፍል ኮርኒስ አብጦ ረግፏል፤ የግድግዳው ቀለም ከነልስኑ ተልጧል፤ በሌላ ባለሙያ ለማሠራት 1,400,000 ብር አውጥቻለሁና ተቋራጩ ይክፈለኝ» ካለ ግን እየከሰሰ ነው። ይህ የመጨረሻው ነው የተከሳሽ ከሳሽነት።

መለያው መስመር ተከሳሹ የሚጠይቀው ዳኝነት ነው። የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 64 ነገሩን ባጭሩ ያስቀምጠዋል፦ ተከሳሹ የተቃራኒው ወገን ጥያቄ ውድቅ ከመሆኑ ያለፈ ጥቅም ለማግኘት ከጠየቀ ያቀረበው ተቃራኒ ክስ ነው። የእኛ ሕግ ይህን ትርጓሜ በቃል ባይጽፈውም የሥራ አካሄዱ የተመሠረተው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው። ጋዜጦቻችን አንዱ ሌላውን በሌላ ፍርድ ቤት በተለየ መዝገብ ሲከስም «በተከሳሽ ከሳሽነት ከሰሰ» ብለው ይጽፋሉ። ያ ሁለት ክስ ነው እንጂ የተከሳሽ ከሳሽነት አይደለም። ተከሳሹ ሦስተኛ ወገን ወደ ክርክሩ እንዲገባ ሲጠይቅም እንዲሁ ሌላ ሥርዓት ነው፤ በቁጥር 43 የሚመራ።

አሁን ወደ ድጋፎቹ እንሂድ።

አንደኛ፤ አንድ ጥያቄ የተጻፈበት ወረቀት የጥያቄውን ባሕርይ አይወስንም። ሕጉ የተከሳሽ ከሳሽነት በመከላከያ መልሱ ላይ እንዲጻፍ ያደረገው ለሥራ ቅልጥፍና ነው፤ ለሁለት ሰዎች አንድ ጠብ ሁለት መዝገብ፣ ሁለት መጥሪያ፣ ሁለት ጊዜ የምስክር ቃል እንዳያስፈልግ። ከዚህ አልፎ «በመልስ ውስጥ ስለተጻፈ መልስ ነው» ማለት ድንጋጌው ያልተናገረውን ማናገር ነው። ሕጉ ራሱ ይህን ንባብ የሚያፈርስ ሌላ ድንጋጌ አለው። ቁጥር 215(2) ተከሳሽ ከሳሽ ሆኖ ሲቀርብ እንደ ማንኛውም ከሳሽ የዳኝነት ገንዘብ እንዲከፍል ያዛል። ለመከላከያ መልስ ማንም ዳኝነት ከፍሎ አያውቅም፤ አልበደርኩም ለማለት፣ ከፍያለሁ ለማለት፣ ውሉ ፈራሽ ነው ለማለት የሚከፈል ገንዘብ የለም። የቤቱ ባለቤት ግን ለ1,400,000 ብር ጥያቄው ሬጅስትራር ቀርቦ ዳኝነቱን ከፍሎ ደረሰኙን ያያይዛል። ፍርድ ቤት ይህን ገንዘብ እንደ ክስ ተቀብሎ ሲያበቃ፣ ኋላ ላይ «ያቀረብከው መከላከያ ነበር» ሊለው የሚችልበት አመክንዮ አይታየኝም።

ከሥረ ነገር ሥልጣንም አንጻር ነጥቡ ያው ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሚያየው የገንዘብ ክርክር እስከ 10 ሚሊዮን ብር ነው። የ3 ሚሊዮን ብር ክስ የቀረበበት ሰው በዚያው ፍርድ ቤት የ14 ሚሊዮን ብር ተቃራኒ ጥያቄ ቢያነሣ የሥልጣን ክርክር ወዲያው ይቀሰቀሳል። በመከላከያ ላይ እንዲህ ዓይነት ክርክር ሊነሣ አይችልም፤ ካድኩ ለማለት የገንዘብ ጣሪያ የለበትምና። ጥያቄው መነሣቱ ብቻውን የተከሳሹ ክስ በራሱ መጠን የሚለካ መሆኑን ያስረዳል።

ሁለተኛ፤ «ዋናው ሲጠፋ ተከታዩ ይጠፋል» የሚለው መርሕ ትክክለኛ መርሕ ነው፣ የተጠቀሰበት ቦታ ግን ቦታው አይደለም። የመርሑ ቤት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1920 ጀምሮ የሚደነግገው የዋስትና ውል ነው። ዋሱ የሚከፍለው የሌላውን ሰው ዕዳ ነው፤ ያ ዕዳ ከሌለ ዋሱ የሚከፍለው ነገር የለም። የተከታይነት ትርጉም ይኸው ነው፦ አንዱ ግዴታ ይዘቱን የሚያገኘው ከሌላው ግዴታ ነው። አሁን ወደ ጣሪያው እንመለስ። የባለቤቱ የ1,400,000 ብር ጥያቄ ይዘቱን ያገኘው ከተቋራጩ የ900,000 ብር ጥያቄ ነው? አይደለም። አሸንዳው የተጣመመው ተቋራጩ ከመክሰሱ በፊት ነው፤ ተቋራጩ ጭራሹን ባይከስም ጣሪያው ማፍሰሱን አይተውም። ሁለቱን ጥያቄዎች ያገናኛቸው ውሉና መዝገቡ ነው፤ አንዱ የሌላው ቅርንጫፍ አይደለም።

በድሮው የሙግት ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ በነጠላ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው አብረው ይውሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። አንዱ ወደ ቤቱ ሊገባ የሚችለው ሌላው ሲለቀቅ ነው። ይህን የምቃወመውን አስተሳሰብ ሳስብ የሚታየኝ ያ ቁራኛ ነው፤ ከሰዎቹ ላይ ተፈትቶ ወደ ክሶቹ የዞረ። ሥነ ሥርዓት ሕጉ ግን ሁለት ክሶችን በአንድ መዝገብ አስቀመጠ እንጂ አላቆራኛቸውም።

ሦስተኛ፤ የተቀሰቀሰበት ምክንያትና የሚቀጥልበት ሁኔታ ሁለት ነገር ናቸው። ተከሳሹ ባይከሰስ ኖሮ አይከስም ነበር የሚለው አነጋገር እንደ ታሪክ እውነት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ለሰላም ሲል፣ ወጪውን ሲፈራ ወይም የሥራ ግንኙነቱ እንዳይበላሽ ብሎ መብቱን ሳይጠይቅ ይቆያል። ነገር ግን አንድ ሰው ክስ ያቀረበበት ስሜታዊ ወይም አጋጣሚ መነሻ ሲቀር ክሱ ይቀራል የሚል ሕግ የለንም። ወንድሙ ስለገፋፋው የከሰሰ ሰው ወንድሙ ሐሳቡን ቢለውጥ ክሱ አይዘጋም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብትን ሲሰጥ ቀድሞ ለመጣ ብቻ አላለም። ቀድሞ መምጣት በመዝገቡ ሽፋን ላይ «ከሳሽ» ከሚለው ቃል ጎን የማን ስም እንደሚጻፍ ይወስናል፤ ከዚያ ያለፈ ሚና የለውም።

ሕጉ ክርክር የሚቋረጥባቸውን ምክንያቶች ዘርዝሯል። ከሳሽ ክሱን ያነሣል (ቁጥር 278)፣ ተከራካሪዎች ይታረቃሉ (ቁጥር 274)፣ ከሳሽ ሳይቀርብ ሲቀር ክሱ ይዘጋል (ቁጥር 73)፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ተቀባይነት ያገኛል (ቁጥር 244)። ከእነዚህ መካከል «የተቃራኒው ወገን ክስ ስለቀረ» የሚል የለም። የእርቁን ነገር ብናየው እንኳ ሁለቱንም ክሶች የሚዘጋው ሁለቱም ወገኖች ስለፈረሙ ነው፤ አንዱ ብቻውን ፈርሞ የሌላውን ጥያቄ ሊዘጋ አይችልም። ታዲያ በፊርማ ያልቻለውን በመቅረት እንዴት ይችላል?

አራተኛው ነጥብ ረዘም ያለ ነው፤ የሕጉን ምንጭ ስለሚመለከት። የሥነ ሥርዓት ሕጋችን ብዙ ድንጋጌዎቹን የወሰደው ከ1908 (እ.ኤ.አ.) የሕንድ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሆኑ የታወቀ ነው። አንዳንድ ባልደረቦች ከዚህ ተነሥተው፣ ምንጩ ሕግ የሚያውቀው ማቻቻልን ብቻ ስለነበር የእኛም የተከሳሽ ከሳሽነት ከማቻቻል የተለየ ነገር አይደለም ይላሉ። የመነሻ እውነታው ልክ ነው። የሕንዱ ሕግ በ1908 ሲወጣ ለተከሳሹ በስም የሰጠው ማቻቻልን ብቻ ነበር። ድምዳሜው ግን የመነሻው ተቃራኒ መሆን ነበረበት። የእኛ ሕግ በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ማቻቻልንና የተከሳሽ ከሳሽነትን ለየብቻቸው በስም ጠርቷል። ረቂቁን ያዘጋጁት ሰዎች ምንጫቸው ላይ የሌለውን ቃል የጨመሩት የነበረውን ለመድገም አይደለም። ሕንድ ራሷ እዚህ ላይ የደረሰችው ከእኛ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይታ፣ በ1976 (እ.ኤ.አ.) ማሻሻያ ነው። ያን ጊዜ ባስገባችው ድንጋጌ የተከሳሽ ከሳሽነት እንደ ክስ አቤቱታ እንደሚቆጠር፣ የከሳሽ ክስ ቢታገድ፣ ቢቋረጥ ወይም ውድቅ ቢሆንም የተከሳሹ ክስ ሊቀጥል እንደሚችል በግልጽ ጻፈች።

እዚህ ላይ ብልህ ተከራካሪ ይነሣና፣ ሕንድ በግልጽ መጻፍ ካስፈለጋት የእኛ ሕግ ዝምታ ተቃራኒውን ያሳያል ይላል። ይህ ከቀረቡልኝ መቃወሚያዎች ሁሉ ጠንካራው ስለሆነ በአክብሮት እመልሳለሁ። ዝምታ ትርጉም የሚኖረው ሕጉ ሊናገር ይገባው በነበረበት ቦታ ዝም ሲል ነው። አንድ ክስ በራሱ ምክንያት ካልሆነ እንደማይዘጋ መናገር አያስፈልግም፤ መደበኛው ይህ ነው። መናገር የሚያስፈልገው ከዚህ የተለየ ውጤት የፈለገ ሕግ ነው። ሕንድም የጻፈችው አዲስ መርሕ ለመፍጠር ሳይሆን በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ከዘጠና ዓመት በፊት የተቋጨ ክርክር እንዳይደገም ነው።

ያ ክርክር ትምህርት ሰጪ ስለሆነ በአጭሩ ልተርከው። እንግሊዝ በ1873 (እ.ኤ.አ.) የዳኝነት ሥርዓቷን በአዋጅ ስታዋቅር ተከሳሽ በዚያው መዝገብ ከሳሽ እንዲሆን ፈቀደች። ከዚያ በፊት የነበረው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚሠራበት የማቻቻል ሕግ ነበር፤ ተከሳሹ ከተጠየቀው ላይ ማስቀነስ ይችላል፣ ትርፍ ካለው ግን ሌላ ክስ መመሥረት አለበት። አዲሱ ሥርዓት ሲመጣ ዳኞች በአሮጌው ዓይን ማየታቸው አልቀረም። በ1880 ቫቫሰር የተባለ ከሳሽ ክሩፕን በከሰሰበት ጉዳይ፣ ከሳሹ ክሱን ሲያቋርጥ የተከሳሹም ክስ አብሮ ይቋረጣል ተባለ። ዛሬ በእኛ ችሎቶች የምንሰማው አስተሳሰብ ቃል በቃል ይኸው ነው። በዚያው ዓመት ግን የጠቅላይ ዳኛ ኮክበርን ችሎት በሌላ ጉዳይ ላይ ማቻቻል መከላከያ መሆኑን፣ የተከሳሽ ከሳሽነት ደግሞ በመሠረቱ ራሱን የቻለ ክስ መሆኑን ለየ። በ1883 የይግባኙ ፍርድ ቤት ማክጋውን ከሚድልተን በተከራከሩበት መዝገብ የ1880ውን አቋም ሽሮ፣ ከሳሽ ክሱን ቢያቋርጥም የተከሳሹ ክስ ይቀጥላል ብሎ ወሰነ። ስሕተቱ በዚያ አገር የኖረው ሦስት ዓመት ነው። የእኛ ሕግ ስልሳ ዓመት አልፎታል።

አምስተኛ፤ ተቃራኒ የሆኑ ክሶች እርስ በርስ የሚጠፋፉ ክሶች አይደሉም። ከአስተሳሰቡ ሥር የተደበቀው የአመክንዮ ስሕተት ይህ ይመስለኛል። ሰው ሁለት ተከራካሪዎችን በሚዛን ሁለት ጫፍ አስቀምጦ ሲያይ አንዱ ከፍ ካለ ሌላው ዝቅ ይላል ብሎ ያስባል፤ ስለዚህም አንዱ ጥያቄ ከጠፋ ሌላው የሚመዘንበት ነገር ያጣል። ነገር ግን የተቋራጩና የባለቤቱ ጥያቄ አራት መልክ ሊኖረው ይችላል። ተቋራጩ ብቻ ሊረታ ይችላል። ባለቤቱ ብቻ ሊረታ ይችላል። ሁለቱም ሊረቱ ይችላሉ፤ ሥራው ተሠርቶ ቀሪ ክፍያ መኖሩም፣ ጣሪያው ጉድለት ያለበት መሆኑም ሊረጋገጥ ስለሚችል፤ ያን ጊዜ ሒሳቡ ተቻችሎ ባለቤቱ 500,000 ብር ይቀበላል። ሁለቱም ሳይረቱ ሊቀሩም ይችላሉ፤ ተቋራጩ ቀሪ ክፍያ መኖሩን ባያስረዳ፣ ባለቤቱም ለጥገናው ያወጣውን ገንዘብ በደረሰኝ ባያረጋግጥ። አራቱም ውጤቶች የሚቻሉ ከሆነ አንዱ ጥያቄ ለሌላው መኖር ቅድመ ሁኔታ ሊሆን አይችልም።

ይህ ነጥብ የሚወጋው ተቃዋሚዎቼን ብቻ አይደለም። ከእኔ ጋር የሚስማሙ ጠበቆች አንዳንዴ ወደ ተቃራኒው ጫፍ ይሮጣሉ፦ ከሳሽ ቀርቶ ክሱ ስለተዘጋ ደንበኛዬ በተከሳሽ ከሳሽነቱ ሊፈረድለት ይገባል ይላሉ። ይህም ያው የሚዛን አስተሳሰብ ነው፣ ጫፉን ቀይሮ የመጣ። የተቋራጩ ክስ መዘጋት የኮርኒሱን መርገፍ አያስረዳም። ባለቤቱ እንደ ማንኛውም ከሳሽ የባለሙያ ግምት ሰነዱን፣ የጥገና ደረሰኙን፣ ምስክሮቹን ያቀርባል፤ ተቋራጩም ለዚህ ክስ ተከሳሽ ስለሆነ የመልስ ዕድል ይሰጠዋል። ራሱን የቻለ ክስ ነው ስንል ሸክሙንም ራሱ ይሸከማል ማለታችን ነው።

ስድስተኛ፤ የተለመደው አስተሳሰብ ለከሳሽ የማይገባ ሥልጣን ይሰጣል። ተቋራጩ የባለቤቱን መልስ ተቀብሎ ያነባል። የምህንድስና ሪፖርቱ፣ ፎቶግራፎቹ፣ ደረሰኞቹ ተያይዘዋል። ከ900,000 ብር ይልቅ የ1,400,000 ብሩ ፍርድ ቀርቦ ይታየዋል። አስተሳሰቡ ልክ ከሆነ ተቋራጩ ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በቀጣዩ ቀጠሮ መቅረት። ያወጣው የጥብቅና ገንዘብ ይባክንበታል፤ በምትኩ ግን የተቃራኒውን ክስ በራሱ እጅ ይዘጋዋል። የትኛውም ሥነ ሥርዓት ሕግ ለተከሳሽ እንዲህ ያለ ሥልጣን አይሰጥም፤ ተቋራጩ ደግሞ ለጣሪያው ጉዳይ ተከሳሽ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል የሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 41 ይህን በር የዘጋው በቀጥታ ነው፤ ተከሳሹ አስቀድሞ ተቃራኒ ክስ ካቀረበ፣ ያ ክስ ብቻውን ቀጥሎ ሊታይ የማይችል ከሆነ፣ በከሳሽ ጥያቄ መዝገቡ በተከሳሹ ተቃውሞ ላይ አይዘጋም።

«አዲስ መዝገብ ይክፈት» የሚለው መጽናኛም እንደሚባለው ርካሽ አይደለም። ሁለት መኪናዎች ተጋጭተው አንዱ አሽከርካሪ ሌላውን ከሰሰ፣ ሁለተኛውም በተከሳሽ ከሳሽነት የራሱን ጉዳት ጠየቀ እንበል። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የካሣ ጥያቄ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ክርክሩ በቀጠሮ ብዛት ሁለት ዓመት ተኩል ይቆይና ከሳሽ ክሱን ያነሣል። ተከሳሹ አዲስ መዝገብ ሲከፍት የመጀመሪያው መቃወሚያ ይርጋ ይሆናል። የይርጋ መቋረጥን የሚደነግገው ቁጥር 1851 ደግሞ ባለገንዘቡ ክስ ማቅረቡን ከማቋረጫ ምክንያቶች አንዱ ያደርገዋል። እንግዲህ የተከሳሽ ከሳሽነት ክስ አይደለም ያሉት ባልደረቦቻችን ከሁለት አንዱን መምረጥ አለባቸው። ክስ አይደለም ካሉ ይርጋ አላቋረጠም፤ መብቱን በጊዜው በፍርድ ቤት የጠየቀ፣ ዳኝነቱንም የከፈለ ሰው መብቱን አጣ ማለት ነው። ክስ ነው፣ ይርጋውን አቋርጧል ካሉ ደግሞ ለይርጋ ክስ የሆነው ነገር ለመዝገብ መዘጋት ለምን ክስ እንደማይሆን ያስረዱን።

ለተቃራኒው ወገን የሚገባውን ልስጥ። አስተሳሰቡ ሙሉ በሙሉ ልክ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ እሱም ማቻቻል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1831 ጀምሮ እንደተደነገገው ማቻቻል ሁለት ሰዎች አንዱ ለሌላው ያለባቸው ዕዳ እርስ በርስ የሚጠፋበት መንገድ ነው። ዕዳዎቹም ተመሳሳይ ዓይነት፣ መጠናቸው የታወቀና የመክፈያ ጊዜያቸው የደረሰ መሆን አለበት። የሚቀነስበት ነገር ከሌለ የሚቀነስ ነገር የለም። በምሳሌያችን ባለቤቱ የ300,000 ብሩን ብድር ያነሣው ከ900,000ው ላይ እንዲታሰብለት ብቻ ከሆነ የተቋራጩ ክስ ሲነሣ ይህ ጥያቄ ዓላማውን ያጣል፤ ብድሩ ግን እንዳለ ይቆያል፣ በሌላ ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ጠበቆች ማቻቻልን «የተከሳሽ ከሳሽነት» በሚል ርዕስ ሥር ስለሚጽፉት፣ አንዳንዴም እውነተኛውን የተከሳሽ ከሳሽነት በመልሱ መጨረሻ «ኪሣራችንም ይታሰብልን» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ስለሚያልፉት ነው። ዳኛ የርዕሱን ስም አይቶ ሳይሆን የተጠየቀውን ዳኝነት አይቶ መለየት ይኖርበታል።

ስለ አስገዳጅነቱም አንድ ቃል። አንዳንዶች ከላይ ካየነው በተቃራኒ፣ ተከሳሹ ክሱን በዚያው መዝገብ ካላቀረበ ለዘለዓለም ይቀርበታል ይላሉ። ይህ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ደንባቸው ቁጥር 13 ከአንድ ጉዳይ የመነጨ ተቃራኒ ክስን የግድ ያደርገዋል። የእኛ ሕግ እንዲህ ያለ ግዴታ አልጣለም፤ ክስን አጠቃሎ የማቅረብ ግዴታን የሚጥለው ቁጥር 216ም የሚናገረው ለከሳሽ ነው። በፍርድ ያለቀ ጉዳይን የሚመለከተው ቁጥር 5 ሊከለክለው የሚችለው በመጀመሪያው መዝገብ እንደ መከላከያ ሊነሣ ይገባ የነበረን ክርክር እንደገና መቆስቆስን ነው። ያ ለራሱ ሌላ ጽሑፍ የሚፈልግ ጉዳይ ነው።

የቀረው የመዝገብ ቤቱ ስጋት ነው፤ ዋናው ክስ ተዘግቶ መዝገቡ በምን ስም ይቀጥላል፣ በስታቲስቲክስ ላይ የተዘጋ ነው ወይስ ያልተዘጋ? ስጋቱ የአስተዳደር ነው፤ መልሱም ትእዛዝ የሚጻፍበት አኳኋን ነው። ተቋራጩ ያልቀረበ ዕለት ችሎቱ «መዝገቡ ተዘግቷል» ከሚል ይልቅ የከሳሽ ክስ በቁጥር 73 መሠረት መዘጋቱን፣ ተከሳሹ በከሳሽነት ያቀረበው ክስ ግን በዚሁ መዝገብ ቁጥር መቀጠሉን፣ ተቋራጩ በክሱ ላይ መልሱን የሚያቀርብበትን ቀንና የዚህም መጥሪያ እንዲደርሰው መታዘዙን ለይቶ ይጽፋል። አራት መስመር የማይሞላ ትእዛዝ ነው።